ባሕር ዳር ላይ አክሬሊክ ማቅጠን፦ ቫዬሆ፣ ታሚያ እና የፋርማሲው አልኮል ሲመዘኑ

ኤርብራሽ (ቀለምን በአየር የሚረጭ መሣሪያ) ይዞ ባሕር ዳር ላይ የፕላስቲክ ሞዴል ለሚቀባ ሰው ባለ 200 ሚሊ ሊትሩ የቫዬሆ ኤርብራሽ ቲነር (ቀለም ማቅጠኛ፣ ቁጥሩ 71.161) የመጀመሪያ ግዢ መሆን አለበት እንላለን። በልስላሴ ብቻ ከተመዘነ የታሚያው ቲነር ኤክስ-20ኤ ይበልጠዋል፤ ሚስተር ከለር ሌቨሊንግ ቲነር ደግሞ ሁለቱንም ያስከነዳል። እዚህ ከተማ ላይ ግን ቲነር የሚመዘነው በሁለት ጥያቄ ነው። በሰላም ይደርሳል ወይ? ከደረሰስ በኋላ ኤርብራሹ አፍ ላይ ሳይደርቅ ይቆያል ወይ? በመጀመሪያው ቫዬሆ ያሸንፋል። በሁለተኛው ይወድቃል፤ ውድቀቱ ግን በጥቂት ጠብታ የሚጠገን ነው።

መድረሱን እናስቀድም። ኤክስ-20ኤ ውስጥ ያለው አልኮል ተቀጣጣይ ነው፤ ተቀጣጣይ ቀለምና ቲነር ደግሞ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በእጅ በሚያዝም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም። ከውጭ የሚመጣን ዘመድ «አንድ ጠርሙስ ብቻ ያዝልኝ» ማለት ሰውየውን ፍተሻ ላይ ማስያዝ ነው። የታሚያ አክሬሊክ ቀለም ራሱም አልኮል ስላለበት ከዚሁ ምድብ አይወጣም፤ ሁለቱም በአግባቡ የሚመጡት ይዘታቸው ተገልጾ በጭነት ነው። የቫዬሆ ቀለምና ቲነር ግን መሠረታቸው ውሃ በመሆኑ አይቀጣጠሉም። ባለ 200ው በእጅ ሻንጣ ከሚፈቀደው 100 ሚሊ ሊትር ስለሚበልጥ በሚጫነው ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ።

ከሻንጣ ከወጣ በኋላም አንድ ጥንቃቄ አለ። የቫዬሆ ቀለም የሚመጣው አፉ በጠብታ በሚያወርድ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ዝቅ ባለ አገር የታሸገ ጠርሙስ ውስጡ ያፈነው አየር ከባሕር ዳር አየር ይልቅ ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሲከፈት ቀለሙ ሳይጫኑት በራሱ ይወጣል። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ አፉ ላይ ሶፍት መያዝ፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ መፍታት። ተዘቅዝቆ ከተከፈተ ጠረጴዛው ይቀባል።

ብልቃጡ ላይ አክሬሊክ ተብሎ ቢጻፍም የማይዋደዱ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። ቫዬሆ፣ የአሞ ባይ ሚግ ተራው አክሬሊክ፣ የኤኬ 3ኛ ትውልድ ቀለም በአንድ በኩል ናቸው፤ እነዚህ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ይዘዋል። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ሽፋን ይሆናሉ፤ ከሆኑ በኋላ ውሃ አይመልሳቸውም። ታሚያ፣ ሚስተር ሆቢ አኩየስ፣ የኤኬ ሪል ከለርስ በሌላው በኩል ናቸው፤ ሙጫቸው አልኮልን በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነው። በመጀመሪያው ቤተሰብ ላይ ጠንካራ አልኮል ከፈሰሰ ቅንጣቶቹ ይያያዙና ቀለሙ ይረጋል፤ ኩባያው ውስጥ የጎማ ጓል ይሠራል፣ ጓሉ ኖዝሉ (ቀለም የሚወጣበት ቀጭን አፍ) ውስጥ ከገባ ደግሞ ፈትቶ ማጽዳት ግድ ነው። አንድ ቲነር ለሁሉም ይሆናል የሚልን ሻጭ አለማመን ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአየሩ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ውሃም አልኮልም ቶሎ ይተናል። በዚህ ላይ የካቲትና መጋቢት ገብተው አየሩ ሲደርቅ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲነሳ፣ ከኖዝሉ የወጣው ጠብታ ሞዴሉ ላይ ሳያርፍ ግማሽ መንገድ ላይ ይደርቃል። ኤርብራሹ ራሱም ያግዘዋል፤ የሚነፍሰው አየር በመርፌው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀጭን ቀለም ያለማቋረጥ ያደርቃታል። የአምራቾቹ መመሪያ ይህን አየር ታሳቢ አላደረገም። ጃፓን ወይም ስፔን ውስጥ የሚሠራ ምጥጥን እዚህ አሸዋ የተነፋበት የሚመስል ገጽ ቢያወጣ ቀለሙ የተበላሸ አይደለም። መድኃኒቱም ቲነር ማብዛት ሳይሆን መድረቁን ማዘግየት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲደርቅበት ቲነር ይጨምራል፣ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ከዚያ ሞዴሉ ላይ መሮጥ ይጀምራል፣ መርፌው ጫፍ ላይ መድረቁ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

ለዚህ ነው የቫዬሆ ቲነር ብቻውን አይበቃም የምንለው። አብሮት ፍሎው ኢምፕሩቨር የሚባለው (ትንሹ ጠርሙስ ቁጥሩ 71.262 ነው) መገዛት አለበት። ሥራው ሁለት ነው፤ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ እንዳይሰበሰብ ያላላዋል፣ መርፌው ላይ ቶሎ እንዳይደርቅም ያዘገየዋል።

ለሞዴል ከለር፣ ማለትም ለብሩሽ ተብሎ ለተሠራው ወፍራሙ ዓይነት፣ 10 ጠብታ ቀለም፣ ከ8 እስከ 10 ጠብታ ቲነር፣ 2 ጠብታ ፍሎው ኢምፕሩቨር። በደረቁ ወራት ሦስተኛ ጠብታ ይጨመራል። ለሞዴል ኤር፣ አስቀድሞ ቀጥኖ ለሚመጣው፣ 10 ጠብታ ቀለም፣ 2 ወይም 3 ጠብታ ቲነር፣ 1 ጠብታ ፍሎው ኢምፕሩቨር። ጠርሙሱ ላይ ሳይቀጠን ይረጫል ቢባልም በ0.3 ሚሊ ሜትር መርፌ እዚህ ሳይቀጠን መርጨት ጊዜ ማባከን ነው። ከ3 ጠብታ ፍሎው ኢምፕሩቨር በላይ መሄድ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሽፋኑ ለቀናት ጣት ላይ የሚይዝ ይሆናል፣ የወረቀት ፕላስተር ሲነሳ ከነሥሩ ተልጦ ይወጣል።

የመቀላቀያው ቅደም ተከተልም ለውጥ አለው። መቀላቀያው የኤርብራሹ ኩባያ መሆን የለበትም፤ ያልተቀጠነው ቀለም ታች ወርዶ ኖዝሉ ጋ ይቀመጥና መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ይሆናል። የልጆች ሽሮፕ ላይ የምትመጣው መለኪያ ኩባያ ለዚህ ትበቃለች፤ መስመር ስላላት ለትልቅ መጠንም ትሆናለች። መጀመሪያ ቲነሩ፣ ከዚያ ፍሎው ኢምፕሩቨሩ ይገባና ይነቃነቃል፣ ቀለሙ በመጨረሻ በጥቂት በጥቂቱ። በስቴኪኒ ሳይሆን ወርዱ ሰፋ ባለ ነገር፣ አረፋ ሳያስነሱ ማማሰል። የቆየ ቀለም ከሆነ በአሮጌ ስቶኪንግ ማጥለል ያስፈልጋል፤ በ0.2 ሚሊ ሜትር መርፌ ለሚሠራ ሰውማ አዲሱም ቢጠለል ይመከራል። ጠርሙሱ ውስጥ የማማሰያ ኳስ መጨመር ጥሩ ነው፤ ግን የማይዝግ ብረት ይሁን። ከጋራዥ የተለቀመ የኩሽኔታ ኳስ ውሃ ባለበት ቀለም ውስጥ ይዝጋል፣ ነጭንና ቢጫን ያበላሻል።

መቅጠኑን ለማወቅ ጠብታ መቁጠር መነሻ ብቻ ነው፤ ቀለም ከቀለም ይለያያል። ድብልቁን ወደ ኩባያው ግድግዳ ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው። አሬራ ከብርጭቆ ግድግዳ ሲወርድ እንደሚተወው ያለ ስስና አንድ ወጥ ሽፋን ትቶ ከወረደ ልክ ነው። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ወፍራም ነው፤ ግድግዳው ወዲያው ከተገለጠና ቀለሙ በመስመር ከወረደ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። ከዚያ ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ይሞከራል። ሞዴሉ ላይ መሞከር አያስፈልግም፤ ማንኪያ ርካሽ ነው።

ግፊቱ ለ0.3 ሚሊ ሜትር መርፌ ከ1 እስከ 1.4 ባር። መለኪያው የሚነበበው መጫኛው ተጭኖ አየር እየነፈሰ ሳለ ነው፤ ዝም ብሎ የቆመው ቁጥር ሲነፍስ ይወርዳል። ከፍታው ለዚህ ንባብ ልዩነት አያመጣም፤ መለኪያው የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ልዩነት የሚመጣው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው፤ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ያው መጠን ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ይሞቃል። ታንክ የሌለው ትንሽ ኮምፕሬሰር ያለው ሰው መሃል መሃል ላይ ማሳረፍ አለበት።

ርቀቱን ደግሞ ማጠር ነው። መጽሐፉ 15 ሴንቲ ሜትር ቢል እዚህ ከ6 እስከ 8 ይበቃል፤ ለቀጭን መስመር 2 ወይም 3። መጀመሪያ የሚረጨው ፕላስቲኩ ገና እየታየ የሚቀር ጭጋግ ብቻ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። በየሁለት ደቂቃው ገደማ መርፌው ጫፍ በቲነር በረጠበ የጆሮ ማጽጃ ይጠረጋል፤ ከኋላ ወደ ጫፍ እንጂ ከጫፍ ወደ ኋላ አይደለም፣ ጫፉ ይጣመማል።

የቫዬሆ እውነተኛ ድክመት ፕላስቲክ ላይ አጥብቆ አለመያዙ ነው። ባዶ ፕላስቲክ ላይ በጥፍር ይላጣል። ሞዴሉ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥቦ የቅርጽ ማውጫው ቅባት መልቀቅ አለበት፤ ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚረጭ ሽፋን)፤ ፕራይመሩ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በክረምት 48 ሰዓት ይደር። የቫዬሆን ፕራይመር በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የሚመጣለት ካለ ይተወው፤ በመላጥ ይመልሳል። ከ1ለ1 በላይ በውሃ ብቻ ማቅጠንም ይኸን ድክመት ያባብሰዋል፤ ሙጫው ይሳሳና ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ዱቄት በጣት ይነሳል። ቲነሩን በውሃ ከመተካት ይልቅ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ውሃ ከተነሳ፣ የቧንቧም የታሸገም የመጠጥ ውሃ ማዕድን አለው፤ ማፍላት ማዕድኑን አያስወግደውም። የተጣራ ውሃ ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ላይ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ ይሸጣል። ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚቆመው የባትሪ አሲድ ጄሪካኑ ሊመስለው ይችላል፣ አሲድ ደግሞ ቀለም አያቀጥንም፣ ዓይን ያጠፋል።

ፍሎው ኢምፕሩቨር ላጣ ሰው የሚሆን አማራጭ ከማንኛውም ፋርማሲና ኮስሞቲክስ ቤት ይገኛል፤ ለቆዳ የሚቀባው ግሊሰሪን። በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ተለክቶ፣ ከአንዲት ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር። ከዚህ ድብልቅ ለ10 ጠብታ ቀለም ከ4 እስከ 5 ጠብታ፣ የቀረው ማቅጠኛ ያው የቫዬሆ ቲነር። ሽታና ቀለም የተጨመረበት ግሊሰሪን አይሆንም። ይህ የበጋ መፍትሔ ነው። ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተቀባው ሞዴል ላቡ አልደርቅ ይላል። ሳሙናውም ከአንድ ጠብታ ካለፈ አረፋው ገጹ ላይ ይፈነዳና ቀዳዳ ይተዋል።

አሁን ወደ ኤክስ-20ኤ። ቀለሙ ታሚያ ከሆነ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ለድፍኑ፣ ማለትም ለማያብረቀርቀው ኤክስኤፍ፣ 1 እጅ ቀለም ለ1 እጅ ቲነር መነሻ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ወደ 1ለ1.5 ማዘንበል ይሻላል። ለሚያብረቀርቀው ኤክስ 1ለ2። የድንበር ጥላና የዝገት ነጠብጣብ ለሚሠራ 1ለ4 ድረስ ይሄዳል፣ ግፊቱ ወደ 0.7 ባር ወርዶ። የታሚያ ብልቃጥ በጠብታ ስለማያወርድ መለካቱ በ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ይሆናል። የብልቃጡ ታች የተቀመጠው ዝቃጭ ሁሉ እስኪነሳ ካልተማሰለ ድፍኑ ቀለም ያብረቀርቃል፤ ማድፈኛው ዱቄት ታች ቀርቷል ማለት ነው። ፕላስቲክ ላይ የመያዝ ችሎታው ከቫዬሆ የተሻለ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ ቀለም ይቀበላል።

ደካማ ጎኑ እዚህም የአየሩ ነው። አልኮል ከውሃ ይልቅ ስለሚፈጥን፣ በደረቁ ወራት ነጩ ኤክስኤፍ-2 ሻካራ ሆኖ ያርፋል። የታሚያ የአክሬሊክ ሪታርደር (መድረቅ ማዘግየቻ) ከድብልቁ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲጨመር ይስተካከላል፤ በ20 ጠብታ ድብልቅ 1 ወይም 2 ጠብታ መሆኑ ነው። ይህን ሪታርደር ያገኘ ሰው ኤክስ-20ኤን ከሌቨሊንግ ቲነር ጋር የሚያስተካክል ነገር ይዟል።

ሌቨሊንግ ቲነር ራሱስ? ውስጡ ማዘግየቻ ስላለበት ለከፍታ አገር የተሠራ ይመስላል። የታሚያ አክሬሊክን 1ለ2 ቢያቀጥኑት ገጹ የፋብሪካ ይመስላል። ግን የላከር (ጠንካራ ማሟሟያ ያለው ቀለም) ቲነር ነው፤ የሚሸተው ብቻ ሳይሆን የሚጎዳውም ይበዛል። ከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክና ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ለሌለው አንመክርም። ቫዬሆ ላይ ካፈሰሱት ያረጋዋል።

ፋርማሲው። ባለ 70 በመቶው አልኮል ለታሚያ ይሠራል፣ በአብዛኛው እንደ ማጠቢያ። ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ስለሆነ ፕላስቲኩ ላይ ይሰበሰባል፤ ድፍን ቀለም ላይ ያልፋል፣ የሚያብረቀርቅ ላይ አያልፍም። ባለ 96ቱ ንጹሕ ነው፤ ግን ከሁሉም ፈጥኖ የሚጠፋ በመሆኑ ያለ ሪታርደር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መርጨት ዱቄት መንፋት ነው። ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ የተደረገበት አልኮል ነጭን ያቀልማል። የእጅ ሳኒታይዘር ጄሉም ፈሳሹም አይገባም፤ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሚሠራው ፈሳሽ 80 በመቶ ኢታኖል ቢሆንም 1.45 በመቶ ግሊሰሮልና ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለበት። ኤርብራሹን መጀመሪያ ዙር ለማጠብ ብቻ ይሆናል። ዳግም አረቄስ ለሚል፣ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ ለእንግዳ ይቀመጥ።

ቀለም መሸጫ ሱቆች የሚሸጡት አኳራጅ ለዘይት ቀለም ነው፤ ከሁለቱም አክሬሊክ ጋር አይቀላቀልም። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ናይትሮ ቲነር ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟል፤ የታንክ ሰንሰለት ወይም የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ያለ ቀጭን መስመር በአንድ ርጭት ይጠፋል። ለብረት እቃ ማጽጃ ይሁን፤ እሱም ቢሆን የኤርብራሹ የጎማ ቀለበቶች ከወጡ በኋላ።

ምልክትን ከምክንያቱ ጋር ማያያዝ የሚከብደው ሰው ይበዛልና ጥቂት እንበል። ቀለሙ በድንገት መውጣት አቁሞ መጫኛው ሲሳብ ትልቅ ጠብታ ከተፋ፣ መርፌው ላይ ደርቋል፤ ይጠረግ፣ ማዘግየቻ ይጨመር። ቀለሙ ገጹ ላይ ከመሃል ወደ ጎን ቅርንጫፍ እያወጣ ከሮጠ ወይ ቀጥኗል ወይ ግፊቱ በዝቷል፤ መጀመሪያ ግፊቱ ወደ 1 ባር ይውረድ፣ ያልቆመ እንደሆነ ቀለም ይጨመር። ገጹ ከጎረበጠ ወፍራም ነው። ከሻከረ ርቀቱ በዝቷል ወይም ፈጥኖ ደርቋል። ቀለሙ እየሸሸ ክብ ባዶ ቦታ ከተወ የጣት ቅባት አለ፤ በቲነር አይታከምም፣ ታጥቦ እንደገና ነው። ኩባያው ውስጥ አረፋ ከተንቦጫረቀ ቲነሩን አይንኩ፤ ኖዝሉ አልጠበቀም፣ ወይም ተደፍኖ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።

ቢጫ ለብቻው መጠቀስ አለበት። በ1/144 መጠን (ከእውነተኛው 144 ጊዜ ባነሰ ሞዴል) የኢትዮጵያ አየር መንገድን ጅራት የሚቀባ ሁሉ እዚህ ይሰናከላል። ቢጫ የመሸፈን አቅሙ ትንሽ ስለሆነ እንደ ሌላው በ1ለ1 ከቀጠነ ስድስት ጊዜ ተረጭቶም ሥሩ ይታያል። 10 ጠብታ ቀለም ለ6 ጠብታ ቲነር፣ 2 ጠብታ ፍሎው ኢምፕሩቨር፣ ከሥሩ ድፍን ነጭ። ቅደም ተከተሉ ከደማቁ ወደ ጥቁሩ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። በእያንዳንዱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን፤ የወረቀት ፕላስተሩም ከመለጠፉ በፊት የእጅ ጀርባ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለጥፎ ይነሳ፣ ኃይሉ እንዲቀንስ።

ታንኳ ለሚሠራ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። የደረቀ ደንገል ቀለም ለታሚያ ኤክስኤፍ-57፣ ለቫዬሆ 70.976 ቅርብ ነው፤ ሁለቱም በቀላሉ ይሸፍናሉ። ውሃ የጠጣው የታችኛው ክፍል ጠቆር ስለሚል ያንኑ ቀለም በጥቂት ቡናማ አጥቁሮ፣ ከተለመደው በእጥፍ አቅጥኖ፣ በ0.8 ባር ከሥር ወደ ላይ እያሳሱ ማልበስ ነው። ልሙጥ ገጽ ስለማይፈለግ ትንሽ መሻከሩ እንኳ ይጠቅማል።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ፍሎው ኢምፕሩቨር ወደ 1 ጠብታ ይወርዳል ወይም ይቀራል፤ የሚያስቸግረው መድረቅ ሳይሆን አለመድረቅ ነው። ኮምፕሬሰሩ የጨመቀው አየር ውሃ ያወጣል፤ ቱቦው ላይ የውሃ መያዣ ከሌለ ሞዴሉ ላይ ጠብታ ይተፋል። መያዣው በየግማሽ ሰዓቱ ይፈተሽ፣ ታንኩም ሥራው ሲያልቅ ከታች ተከፍቶ ውሃው ይውጣ። ሐይቅ ዳር ላይ ምሽት መብራት አብርቶ የሚያብረቀርቅ ቀለም መርጨት ለትንኝ ማደሪያ ማዘጋጀት ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ንፋሱም ትንኙም ስለሚያርፍ በሁለቱም ወቅት የተሻለ ነው።

መብራት ሲሄድ ቀለም ኩባያው ውስጥ እንዳለ መጠበቅ አይቻልም። ባለ 3 ሊትር ታንክ 4 ባር ይዞ ከቆመ አንድ ደቂቃ ገደማ ይነፍሳል፤ ያ ደቂቃ ለመቀባት ሳይሆን ኩባያውን ደፍቶ ቲነር ለማሳለፍ ነው። ማጠቡ ራሱ እንደ ቤተሰቡ ነው። ቫዬሆ መጀመሪያ በውሃ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ፤ ከዚያ በአምራቹ ማጽጃ። አልኮል የሚመጣው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ታሚያ በቀጥታ በአልኮል ይታጠባል። ውድ የሆነውን ቲነር ለማጠቢያ ማዋል አያዋጣም። ባለ 200ው ቫዬሆ በ1ለ1 ሂሳብ ወደ 11 ባለ 17 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቀለም ያቀጥናል፣ ባለ 250ው ኤክስ-20ኤ በ1ለ1.5 ወደ 16 ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ፤ በማጠቢያነት ከዋለ ግን ግማሹ ወደ ባልዲ ይሄዳል።

ማስክ ለሁሉም ነው። ቫዬሆ አይሸትም ማለት ጭጋጉ ሳንባ አይገባም ማለት አይደለም፤ ኤን95 ይበቃዋል። አልኮልና ላከር ሲረጭ ግን ከሰል ማጣሪያው ያስፈልጋል፤ ቡና ሊፈላ ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥም ፈጽሞ አይረጭም።

በጀቱ ለአንድ ጊዜ ግዢ ብቻ ከሆነ፦ የቫዬሆ ቲነር ባለ 200ው፣ ትንሹ ፍሎው ኢምፕሩቨር፣ አንድ ፕራይመር፣ ከፋርማሲ ሁለት ስሪንጅ። ታሚያ በጭነት የማምጣት ዕድል ያለው ሰው ኤክስ-20ኤውን ከሪታርደሩ ጋር ይዘዝ፤ ያለ ሪታርደሩ ለበጋ አይሆንም። የተቀላቀለ ቀለም በጠርሙስ ማስቀመጥ የሚፈልግ የታሚያውን ለወራት ያቆየዋል፤ የቫዬሆው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝቃጩ ስለሚጠነክር የዕለቱን ብቻ መበጥበጥ ይሻላል። ጠርሙሶቹም ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ይራቁ።